የዲንሾ ዓሣና የአባቴ ጆሮ

አባቴ የኮምባይነር ኦፕሬተር ነበር። ሮቤ ላደገ ሰው ይህ ማብራሪያ አያሻውም፤ ለሌላ አገር ሰው ግን ልንገር። መከር ሲደርስ ከሮቤ እስከ ጎባ ያለው ሜዳ በስንዴ ቢጫ ይሆናል። ያን ሁሉ በማጭድ እንጨርሰው ብንል ዝናብ ይቀድመናል፤ ስለዚህ ኮምባይነር ይገባል። አባቴ በደርግ ጊዜ መንግሥት እርሻ ላይ ጀመረ፤ መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ለግል ባለኮምባይነሮች መሥራት ቀጠለ። ያኔ የነበሩት ኮምባይነሮች ጋቢና የላቸውም። ጤዛው ከደረቀበት ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ፣ ሞተሩ ከጀርባው እየጮኸ፣ እብቁ ፊቱን እየለበጠው፣ ሃያ ምናምን መከር እዚያ ላይ ተቀምጦ ኖረ።

ጆሮው እዚያው ቀረ። ባንድ ቀን አይደለም፤ መጀመሪያ ቀኙ ሄደ፣ ሬዲዮኑን ወደ ግራው ማስጠጋት ጀመረ። ከዚያ ግራውም ደከመ። ቀጭን ድምፅ አይገባለትም ነበር። እኔ ቀጭን ድምፅ ነው ያለኝ፤ ቁጡ ስለሆንኩ ደግሞ ስናደድ ይብስ ይቀጥናል። እኔ ስናገር አባቴ አፌን ነው የሚያየው። እናቴ ግን ድምጿ ጎርናና ነበር። ጎረቤቶች «በስልክ ብትሰማት ወንድ ትመስልሃለች» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እሷን ከግቢው ማዶ ሆኖም ይሰማታል። በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ በኛ ዘንድ ሚስት ባሏን በስሙ አትጠራም። «አባ ኢጆሌ!» ትለዋለች፣ የልጆቼ አባት ማለቷ ነው። እሱም የትም ቢሆን «አቤት!» ይላል።

የሚገርመው ነገር አባቴ እንጀራውን የሚበላው በጆሮው ጭምር ነበር። ኮምባይነር ሲታመም እሱ ነው የሚጠራው። ካቻቢቴ ያወጣል፣ የብረቱን ጫፍ የሚሠራው ሞተር ላይ ያሳርፋል፣ እጀታውን ጆሮው ሥር ካለው አጥንት ላይ ይደግፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ «ሦስተኛው ፒስተን ነው» ወይም «ኩሽኔታው አልቋል» ይላል። ልክ ነው ሁልጊዜ። ድምፁ በአየር ባይመጣለት በአጥንት ይመጣለታል። «ሞተር አይዋሽም» ይል ነበር፤ «ባለሞተሩ ነው የሚዋሸው።» እኔ ትንሽ ልጅ እያለሁ ካቻቢቴውን አገጬ ላይ አስደግፎኝ ሞተር አሰምቶኛል። ጥርሴ ሁሉ ተንቀጠቀጠ፣ ሳቅን።

እንግዲህ የማፍርበትን ነገር ልናገር። ይህን መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተውኩት፤ አራተኛዬ ነው።

አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር የደረሰኝ ርዕስ የዓሣ ጆሮ ነበር። ዓሣ ጆሮ አለው፤ ውጪ አይታይም እንጂ ራስ ቅሉ ውስጥ አለ። እዚያ ውስጥ አናታቸው ላይ ፀጉር የመሰለ ነገር ያበቀሉ ሴሎች አሉ። ድምፅ ሲመጣ ፀጉሮቹ ዘንበል ይላሉ፣ ሴሉም ለአእምሮ ይናገራል። ፀጉሮቹ ጫፍ ለጫፍ በቀጭን ክር የተያያዙ ናቸው፤ ክሩ ከላላ ሴሉ ምንም አይሰማም። ክሩን ሁልጊዜ ወጥሮ የሚይዝ ፕሮቲን አለ፤ ጉልበት እየበላ ስለሚንቀሳቀስ በሳይንሱም ሞተር ነው የሚባለው። በሰው ጆሮ ደግሞ ሌላ አለ፤ የሴሉ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ሴሉን ራሱን የሚያሳጥርና የሚያስረዝም። ሴሉ ከመጣው ድምፅ ጋር አብሮ ይዘላል፣ ደካማውን ድምፅ ያጎላዋል። ዓሣም የዚህ ፕሮቲን ዘመድ አለው፤ ሥራው ምን እንደሆነ ግን እንደ ሰው ጆሮ ግልጽ አይደለም። የኔ ድርሻ ያ ፕሮቲን በዓሣው ጆሮ ውስጥ የት የት እንዳለ ማሳየት ነበር። ትንሽ ሥራ ናት፤ እኔ ግን ዓለምን የያዝኩ ይመስለኝ ነበር።

ለዚህ የሚሆን ዓሣ ከሮቤ ሳይርቅ ዲንሾ አለ። ትራውት ይባላል፣ ድሮ ፈረንጆች አምጥተው በዌብና በዳንካ ወንዝ የለቀቁት ነው። ፈቃድ አወጣሁና ወደ ቤት መጣሁ። አባቴ «ብቻሽን አትሄጂም» ብሎ አብሮኝ ሚኒባስ ተሳፈረ። በመንገድ ላይ ጮክ ብሎ ያወራል፤ የማይሰማ ሰው ድምፁን መመጠን አይችልም፤ ተሳፋሪው ሁሉ ይዞራል። እኔ በመስኮት ወደ ገብሱ ማየት ጀመርኩ፤ አብረን እንዳልሆንን ልመስል። ይሄም አለብኝ፤ ግን ይሄ ትንሹ ነው።

ወንዙ ዳር አንድ የዲንሾ ሰው ዓሣ አጠመደልን። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ራስ ቅሉን ከፈትኩና በወረንጦ ነጭ ድንጋይ አወጣሁ፤ ከስንዴ ፍሬ ያነሰች፣ ዳርና ዳሯ የተቆራረጠ። ዓሣ ሁሉ ጆሮው ውስጥ እንዲህ ያለ ድንጋይ አለው። አባቴ መዳፉን ዘረጋ፣ እዚያ ላይ አኖርኩለት። እንዲገባው ፊት ለፊቱ ሆኜ ቃል በቃል ነገርኩት፦ ውኃው ሲንቀጠቀጥ ዓሣው አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ ድንጋዩ ግን ከባድ ስለሆነ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ያን ጊዜ ከሥሩ ያሉትን ፀጉሮች ይነካቸዋል።

«ካቻቢቴ!» አለ፣ ወንዙ ማዶ ያለ ከብት ቀና እስኪል። «ዓሣው ካቻቢቴ ይዞ ነው የሚዞረው በይኛ!»

ከዚያ ስለ ሞተሮቹ ነገርኩት። ፊቱ ላይ የታየውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ጆሮ ውስጥ ሞተር አለ የሚል ነገር በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም፤ ዕድሜውን ሙሉ ግን ሞተር በጆሮ ሲያይ ኖሯል። ደጋግሞ ጠየቀኝ። ነዳጁ ምንድን ነው? ይግላል? ስንት ናቸው? በመጨረሻ «ሲነክስስ?» አለኝ። ሞተር ነከሰ የሚባለው ከመጋል ብዛት ደርቆ ሲቆም ነው።

«ሴሉ ይሞታል» አልኩት። «ዓሣ ላይ ግን በሞተው ቦታ አዲስ ይበቅላል።»

«ማሻአላህ» አለ። ድንጋይዋን ከሲጋራ ፓኬት በወጣ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ ከመታወቂያው ጋር ኪሱ ከተታት። ስለ ሰው አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም። እስከዚህ ድረስ አልዋሸሁም።

ከዚያ አረፋ ደረሰ። ለበዓሉ ዘመድ ሁሉ እኛ ቤት ነበር። የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ፣ ነገር ካልፈለገ ምግብ የማይወርድለት ሰው ነው። ሰው በልቶ ሲጠግብ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ ልጅ፣ ካንቺ ጋር ከተማሩት ሐኪም የሆነ አለ፣ ኢንጂነር የሆነ አለ። አንቺ ምን ሆንሽልን?»

«ምርምር ላይ ነኝ፣ አባባ።»

«የምን ምርምር?»

ማምለጫ አልነበረኝም። «የዓሣ ጆሮ» አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ደጋ ነን እኛ፤ ዓሣ የሚበላም ጥቂት ነው፣ ጆሮ ይኖረዋል ብሎ የሚጠረጥር ደግሞ ማንም የለም። ልጆቹ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው እንደ ዓሣ አፋቸውን ከፈት ዘጋ ያደርጋሉ። አጎቴ ዕንባውን እየጠረገ «ምስኪን ወንድሜ!» አለ። «እሱ ደንቁሮ እዚህ ተቀምጧል፣ ልጁ የዓሣ ጆሮ ታክማለች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው!»

ደሜ ፈላ። ሳቁ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። ግን አባቴ ምን እንደተባለ ሳይሰማ፣ ሰው ሲስቅ አይቶ፣ አብሮ ሳቀ። በራሱ ላይ መሆኑን ሳያውቅ። ያ አቃጠለኝ።

«ያ የሚስቁበት ዓሣ ነው የወንድምዎን ጆሮ የሚመልሰው!» አልኩ።

አጎቴ «እንዴት ሆኖ?» አለ።

«የሞተው ሴል መልሶ ይበቅላል። ዓሣው ላይ አይተነዋል። ጆሮው ከጩኸት ካረፈ በዓመት ውስጥ...» አላቋረጥኩም፤ አፌ ከኔ ቀድሞ ሄዷል። ራስ ሲመለጥ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም አይደል የሚባለው።

«የሰውም?»

«የሰውም።»

«ወላሂ በይ።»

ሰው ሁሉ ያየኛል። «ወላሂ» አልኩ።

አባቴ ከንፈሬን ሊያነብ ሞክሮ አልገባው ኖሯል፤ ወደ እናቴ ዞረ። እሷም እጇን ጉልበቱ ላይ ጣል አድርጋ በዚያ ጎርናና ድምጿ «አባ ኢጆሌ፣ ጆሮህ ከጩኸት ካረፈ በዓመት ይመለሳል ነው የምትልህ» አለችው። ውሸቴን የሰማው በሚያምነው ድምፅ ነው። ፊቱ ሲበራ አየሁ። አጎቴ እንኳን ተነሥቶ ግንባሬን ሳመኝ።

ጠዋት አስተካክለዋለሁ ብዬ ተኛሁ። «ዓሣ ላይ ነው ያልኩት፣ ተሳስተው ነው የሰሙኝ» እላለሁ ብዬ ቃሉን ሁሉ አዘጋጀሁ። ስነሣ አባቴ ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ በሁለቱም ጆሮው ጥጥ ጠቅጥቆ፣ በላዩ ላይ ሰም ለጥፎበት፣ እንዳይወልቅ ደግሞ ጥምጣሙን እስከ ታች ስቦ።

«ሮዳጅ!» አለኝ፣ ደስታው ሲያስፈነድቀው።

መካኒክ ያልሆነ ላይገባው ይችላል። ሞተር ወርዶ ታድሶ ሲገጠም ወዲያው ጭነት አይጫንበትም። አዲሶቹ ብረቶች እርስ በርሳቸው እስኪላመዱ ቀስ ተብሎ፣ ሳይጮህ፣ ሳይግል ነው የሚሠራው። ይህ ጊዜ ሮዳጅ ይባላል። ሮዳጁን ያልጠበቀ ሰው ሞተሩን ይገድላል፤ አባቴ በዚህ ቀልድ አያውቅም ነበር። ባዲስ ሞተር የቸኮለ ኦፕሬተር ሲያይ ያመዋል። አሁን ደግሞ ጆሮው ውስጥ አዲስ ሞተር ሊበቅል ነው። ዓመት ይረፍ አይደል ያልኩት? እሱም ከአረፋ እስከ አረፋ አለ።

አፌን ከፈትኩ። «አባ...» አልኩ። አፌን አየ፣ ጠበቀኝ። «እ... ሰሙ አይበዛም?» አልኩት። በቃ። ያን ቀን የተናገርኩት እሱን ነው።

አዲስ አበባ ተመልሼ አማካሪዬን ጠየቅሁት፤ ምናልባት እኔ ያልሰማሁት ነገር ይኖር እንደሆን። «የሰው የመስሚያ ሴል ከሞተ በኋላ ይበቅላል?» አልኩት። ከማይክሮስኮፑ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ «አይ» አለኝ። አንዲት ቃል ብቻ ናት። ፈተና ላይ ብጠየቅ እኔም የምመልሳት።

ራሴን የማጽናናበት መንገድ አላጣሁም። ጩኸት ይጎዳዋል፣ እውነት ነው፤ ቢያርፍ የቀረውን ያተርፋል፣ እሱም እውነት ነው። እንግዲህ ምን ክፉ ሠራሁ? ነገር የማያድርባት ይሉኝ የነበርኩት ልጅ፣ ለሰው ሁሉ ፊት ለፊት የምናገረው፣ ይሄን አንዱን ነገር ስንት ወር አሳደርኩት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔ ግን ባደረ ቁጥር ከበደ።

መከር ሲደርስ ባለኮምባይነሩ ራሱ ቤት ድረስ መጣ። አባቴ ጆሮውን አሳይቶ በእጁ «አይሆንም» አለው። ባለኮምባይነሩ ሌላ ሰው አስቀመጠ። ሬዲዮኑ ተዘጋ። መስጊድ ሲሄድ የኋላ ሰልፍ ላይ ሆኖ ሌላው ሲያጎነብስ አይቶ ያጎነብሳል። ቤት ውስጥ ሁሉ ነገር በእጅ ሆነ፤ ውኃ በእጅ፣ ምሳ በእጅ። እናቴ ከቴሌ ቢሮ ስትደውልልኝ መጀመሪያ ትስቅ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ባሌን ዲዳ አደረግሽብኝ! እኔ እንኳን ስጠራው አይሰማኝም እኮ» ትለኛለች። ቆይታ ደግሞ «ይሁን፣ ለጤናው ነው» ትላለች። እኔም «ትንሽ ነው የቀረው፣ እማ» እላታለሁ። እንዲህ እያልኩ ነው ስልኩን የምዘጋው።

እናቴ ስትታመም አረፋ ሊደርስ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። ጉበቷ ነው። ጎባ ወስደናት ተኛች፤ ከሳምንት በኋላ «ቤቴ አግቡኝ» አለች፣ ሐኪሙም አልከለከለንም። ትምህርቴን አቋርጬ መጣሁና አጠገቧ ሆንኩ። አባቴ ሌሊቱን ሙሉ ራስጌዋ ተቀምጦ ያድራል፤ ቀን ፀሐይዋ ስትሞቅ እኛ ሴቶቹ ስናጥባትና ስንገላብጣት እሱ ይወጣል፣ ከግድግዳው ማዶ በርጩማው ላይ ይቀመጣል። መስኮቱ ልክ ከራሱ ኋላ ነው። የሚሰማ ሰው ቢሆን ስታስል እንኳን ይሰማት ነበር።

አንድ ቀን ብቻችንን ሆነን «ያ ጥጥ እስከ መቼ ነው?» አለችኝ።

ያኔ መናገር እችል ነበር። በሩ ክፍት ነው፣ ከኔና ከሷ ሌላ ሰው የለም፣ እናቴ ደግሞ ይቅር የማትለኝ ነገር አልነበራትም። እኔ ግን «እስከ አረፋ» አልኳት።

«ተዪው እንግዲያ» አለች። «እዚህ አድርሶት አታቋርጪበት። እኔን ብሎ እንዳያወልቀው።»

ከአራት ቀን በኋላ ረፋድ ላይ ነው። ጎረቤቶች ወጥተዋል፤ ወንድሜ መድኃኒት ሊገዛ ሄዷል። ትንፋሿ ተለወጠ። ቀና አድርጌ ደረቴ ላይ አስደገፍኳት፣ እጄን ይዛኛለች። ወደ መስኮቱ ዞረችና «አባ ኢጆሌ» አለች። ድምጿ ያው ነው፣ ጎርናናው፤ ቀስ ያለ ቢሆንም ግድግዳውን የሚያልፍ ዓይነት።

«አቤት» የሚል አልመጣም።

«አባ ኢጆሌ» አለች እንደገና፣ ትንሽ ጠንከር አድርጋ። እኔም ጮህኩ፤ «አባ! አባ!» ብዬ። የኔ ቀጭን ድምፅ ያለ ጥጥም አይገባለትም። በመስኮቱ በኩል ጥምጣሙ ይታየኛል። አልተነቃነቀም። ልሮጥ ብል እጄን አልለቅ አለችኝ፤ ልቀቂኝ ብዬ ላስለቅቃት ደግሞ አልቻልኩም። ሦስተኛውን ስትጠራው ድምፅ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ከዚያ እጇ ላላ። ትራስ ላይ አስተኝቻት እየሮጥኩ ወጣሁና ትከሻውን ያዝኩት።

ፊቴን አይቶ ገባው። ገብቶ ከአልጋው ዳር ተንበረከከ፣ ጥምጣሙን ወረወረ፣ ሰሙን በጥፍሩ ቧጠጠው፣ ግራ ጆሮው እስኪደማ ጥጡን ጎትቶ አወጣው። ከዚያ ጆሮውን አፏ ላይ አደረገ። አጥንቱን ከንፈሯ ላይ አስደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። ሞተር ሲያዳምጥ እንደማውቀው። ረጅም ጊዜ እንዲያ ሆኖ ቆየ። እኔ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» እያልኩ ነበር፤ እሷ አላለችውም፣ ሄዳለች።

በዚያው ቀን ቀበርናት። ተዕዚያው፣ ማለት ለቅሶው፣ ሦስት ቀን ተቀመጠ። በአራተኛው ቀን ሰው ሲቀል አባቴ ግቢ ጠራኝ፣ ፊት ለፊቱ አስቀመጠኝ። በእጁ አዲስ ጥጥ ይዟል።

«ዓመቱ አልሞላም» አለኝ። «አንዴ አውጥቼዋለሁ። ልመልሰው ወይስ ተበላሸ?»

ያኔ ነገርኩት። አልቅሼ፣ አፍሬ፣ ቃል በቃል ከንፈሬን እያየ። ዓሣ ላይ እንጂ ሰው ላይ እንደማይበቅል፣ በአጎቴ ተናድጄ እንደተናገርኩ፣ በአላህ ስም ምዬ እንደዋሸሁ። ይመታኛል ብዬ ነበር። ቢመታኝ ደስ ባለኝ።

ጥጡን ሲያፍተለትለው ቆየ። «ሞተሬን በከንቱ ነዋ ያሳረፍኩት» አለ፣ ፈገግ ሊል ሞክሮ። ከዚያ አየኝ። «ጠርታኝ ነበር?»

«ምን?»

«እናትሽ። ስትሄድ። ጠርታኝ ነበር ወይ?»

«አልጠራችዎትም» አልኩ። «ተኝታ ነው የሄደችው።»

ረጅም አየር ሳበ፣ ትከሻው ወረደ። «አልሃምዱሊላህ» አለ። «ሳትጠራኝ አትሄድም ብዬ ነበር የማስበው። ግን ደግ ሆነ። ጠርታኝ ሳልሰማት ቀርቼ ቢሆን፣ ወላሂ ልጄ፣ አልምርሽም ነበር። አሁን ግን ይቅር ብዬሻለሁ፤ ሂጂ ትምህርትሽን ጨርሺ።»

ጨረስኩ። ዲግሪዬን ስቀበል የተነሣሁት ፎቶ እሱ ቤት ግድግዳ ላይ አለ። ያቺን የዓሣ ድንጋይ አልጣላትም፤ ያቺው ብርማ ወረቀት ውስጥ፣ መታወቂያው ሥር ናት። እንግዳ ሲመጣ ያወጣና «የዓሣ ካቻቢቴ ናት፣ ልጄ ነች ያወጣቻት» እያለ ያሳያል። በሰው ፊት ይኮራብኛል፤ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመኛለሁ። ለብቻችን ስንሆን ደግሞ አንዳንዴ «እንዴት ሳትጠራኝ ሄደች?» ይለኛል። ለቅሬታ አይደለም፤ ዕድሜ ልኳን ጠርታው አንድ ቀን ስለቀረባት ግራ ገብቶት ነው። እኔም «እንቅልፍ ነበር፣ አባ» እለዋለሁ። ይቅርታው በዚያች ቃል ላይ ነው የቆመው፤ ያቺን ቃል ካነሣሁ ይወድቃል ብዬ ስፈራ ስንት ዓመት ኖርኩ።

አሁን ግራውም ጨርሶ ሄዷል። ካቻቢቴውን አጥንቱ ላይ ቢያስደግፍም ምንም አይመጣለትም። ግን ያነባል። መንግሥት እርሻ ላይ እያለ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሯል፤ ታናሽ ወንድሜ ቁቤ ነው የተማረው፣ አማርኛ ማንበብ ይቸግረዋል። አባቴ ግን ጣቱን ከመስመሩ ሥር እያስኬደ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ያገኘውን ወረቀት ሁሉ ሳይጨርስ አያስቀምጥም። ይሄንንም እኔው ራሴ ሮቤ ድረስ ወስጄ እሰጠዋለሁ፤ አንብቦ እስኪጨርስ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ።

ሦስት ጊዜ ጠርታዎታለች፣ አባ።